የቡልዶግ ምጥ የማን ዕዳ ነው?

ሰው በእጁ የገባውን እንስሳ ሁሉ እንደ ፈቃዱ ሲያበጅ ኖሯል። ከበሬው ጕልበትን፣ ከላሚቱ ወተትን፣ ከበጉ ጠጕርን፣ ከፈረሱ ሩጫን እየመረጠ፣ የወደደውን ከወደደው ጋር እያገናኘ፣ ያልወደደውን እያስቀረ፣ እንስሳቱን ከአባቶቻቸው መልክ አርቆ ለራሱ አሳብ እንዲመቹ አድርጓቸዋል። ይህን ማድረጉ በጠቅላላው ነውር ነው የምንል አይደለንም፤ እንዲህ ባያደርግ ኖሮ የሚጠመድ በሬም የምትታለብ ላምም ባላገኘን ነበር። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው ለዓይኑ ደስታ ሲል አንድን ፍጥረት ያለ ሐኪም ቢላዋ መወለድ እስከማይችል ድረስ ያደረሰው እንደ ሆነ፣ በዚያ በምጥ ሰዓት የሚከፈለው ዕዳ የማን ነው የሚል ነው። ለአንዳንዱ አንባቢ ጥያቄው የቅንጦት መስሎ ይታየው ይሆናል። ለኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር።

አንድ ወዳጃችን ብዙ ዓመት በውጭ አገር ኖሮ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከዕቃው ሁሉ አስበልጦ የተጠነቀቀላት ፍሬንች ቡልዶግ ከተባለው ዘር የሆነች አንዲት ውሻ ነበረች። ጆሮዋ እንደ ሌሊት ወፍ ጆሮ የቆመ፣ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዓይኗ ከጕድጓዱ ሊወጣ የደረሰ የሚመስል፣ ራሷም ከቁመቷ ጋር ሲመዛዘን እጅግ የገዘፈ ነው። ጠባይዋ መልካም ነው፤ ልጆች ቢጐትቷት አትቈጣም፤ ስትተኛም እንደ ሽማግሌ ታንኰራፋለች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን ይህችን ውሻ ካየች ወዲህ የምታወራው ሌላ ነገር ጠፋ። ወዳጃችንም ልመናው ቢበዛበት፣ ውሻይቱ ስትወልድ አንዱን ቡችላ ሊሰጣት ቃል ገባላት፤ እኛም አጠገባቸው ቆመን ነበርና ደስ ብሎን ተስማማን።

ውሻይቱ ከዚያ በፊት በውጭ አገር ሳለች ሐኪም ቀን ቈርጦላት ሆዷ ተቀዶ አንድ ጊዜ ወልዳለች። ወዳጃችን ግን ሁለተኛውን በራሷ ኀይል ትወልደዋለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚወርድበት አንድ ሌሊት፣ በስልክ ቢጠራን ሄድን። ውሻይቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አምጣ ምንም አልወጣም፤ ከማሕፀኗ የሚወርደውም ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ ተለውጦ ነበር። እያለከለከች ትነሣለች፤ ደግሞ ትወድቃለች፤ በየመካከሉም ቀና ብላ ወደ ወዳጃችን ትመለከታለች። በጋቢ ጠቅልለን በመኪና ወደ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ ሆዷን ቀዶ አራት ቡችሎች አወጣ። ሦስቱ ተነፈሱ፤ አራተኛው፣ ራሱ ከዳሌዋ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ የቆየው፣ አልተነፈሰም። ማደንዘዣው ሲለቃት ልጆቿን አቀረቡላት፤ አሸተተቻቸውና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ምጡን ሳትጨርስ ተኝታ ስትነቃ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸቱ ሦስት ነገሮች አጠገቧ ተቀምጠው ስታገኝ፣ የራሷ መሆናቸውን በምን ታውቅ?

ወዳጃችን «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ «ዛሬ ሌሊት ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ራሱ በዳሌዋ አያልፍም፤ ነገሩ ይኸው ነው» አለው። ከሦስቱ ቡችሎች ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። የተረፈችውን ወዳጃችን አስቀድሞ ለዘመዱ ቃል ገብቶባት ኖሯል፤ ስለዚህ የልጃችን ተራ ለሚቀጥለው ወሊድ ተላለፈ።

«ራሱ አያልፍም» የሚለው ቃል ከጆሯችን አልጠፋ አለ። ባደግንበት የገጠር ቤት ዘሯን ማንም የማያውቀው አንዲት ቡናማ ውሻ ነበረች። አንዳንድ ጊዜ ማታ ትጠፋለች፤ እናታችንም «ወልዳ ይሆናል፤ አትቅረቧት» ትለናለች፤ በማግሥቱ ከጐተራው ሥር አምስት ወይም ስድስት ቡችሎች አቅፋ ትገኛለች። ማን እንዳዋለዳት፣ እትብቱን ማን እንደ ቈረጠላት የጠየቀ አልነበረም። ልጆቿን ሊነካ የደፈረውንም ቀሚስ ይሁን ሱሪ ሳትቀድ አትሰደውም ነበር። በዚያን ጊዜ እኛ ይህን እንደ ቁም ነገር አንቈጥረውም ነበር፤ ለካ ትልቅ ሀብት ነው።

የውሻ እርግዝና ወደ 63 ቀን ገደማ ነው። ቀኑ ሲደርስ የእናቲቱ የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ መብሏን ትተዋለች፤ ማረፊያ ለማበጀት መሬቱን ትጭራለች። ከዚያ ወዲያ ማሕፀኗ እየተኰማተረ ቡችላውን ወደ ዳሌዋ የአጥንት ቀለበት ይገፋዋል። ይህ ቀለበት አጥንት ስለ ሆነ እንደ ሥጋ አይለጠጥም፤ የሚያልፍበት ሁሉ ከስፋቱ ማነስ አለበት። በተራው ውሻ ዘንድ የቡችላው ራስ ሾጠጥ ያለ ነውና እንደ ሽብልቅ መንገዱን ከፍቶ ትከሻውን ያስከትላል። በቡልዶግ ዘንድ ግን የቡችላው ራስ ክብና ሰፊ፣ ትከሻውም ደንዳና ነው፤ የእናቲቱ ዳሌ ደግሞ፣ አርቢዎች ከፊት ሰፍቶ ከኋላ የቀጠነ ቅርጽ ስለ መረጡ፣ ጠባብ ነው። በአሜሪካ አገር በወጣው ቦስተን ቴሪየር በተባለው ዘር ላይም የዳሌው ቀለበት ከላይ ወደ ታች ተጭኖ የተዳጠ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጭንቁ ከሁለት ወገን የመጣ ነው፤ የሚያልፈው ሰፋ፤ የሚያሳልፈውም ጠበበ። ከወለደችም በኋላ ሥራዋ አያልቅም፤ ቡችላው የተጠቀለለበትን ስስ ከረጢት በጥርሷ መቅደድ፣ እትብቱንም መቍረጥ ይገባታል፤ መንጋጋዋ አጥሮ ጥርሷ ካልገጠመ ግን ይህም ይቸግራታል። ወንዱም ቢሆን አካሉ ከፊት ስለ ከበደው ያለ ሰው እርዳታ ከሴቷ ጋር መገናኘት ስለሚያዳግተው ብዙ ጊዜ ዘሩ በሐኪም እጅ ይሰጣል። እንግዲህ ከመፀነስ እስከ መወለድ ድረስ የሰው እጅ ሳይገባበት የሚፈጸም ነገር አልቀረም ማለት ነው።

ይህ ዘር ከዚህ የደረሰበት ታሪክ የእንግሊዞች ታሪክ ነው። በእንግሊዝ አገር ኮርማን በካስማ አስሮ ውሻ እየለቀቁ ማናከስ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነበር፤ ቡልዶግ፣ ማለት የኮርማ ውሻ፣ የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ውሻው ከመሬት ተጠግቶ የኮርማውን አፍንጫ ነክሶ እንዲይዝና እንዳይለቅ ይፈለግ ነበር። በ1835 (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ ጨዋታውን በሕግ ከለከለ። ሕጉ ለእንስሳት ርኅራኄ የወጣ መልካም ሕግ ነው። ኮርማው ዳነ፤ ውሻው ግን ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታውንም ውሻ ትርኢት ተቀበለው። በ1859 በኒውካስል ከተማ የውሾች ትርኢት ተደረገ፤ በ1873 ኬነል ክለብ የተባለው የውሾች ዘር መዝጋቢ ማኅበር፣ በ1875 ደግሞ የቡልዶግ ወዳጆች ክበብ ተቋቋሙ።

ከዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረው። ቀድሞ የቡልዶግ ዳኛ ኮርማው ነበር። ዳኝነቱ ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን ትንፋሹ ያጠረውን፣ እግሩ የተንሻፈፈውን፣ ራሱ የከበደውን ውሻ በቀንዱ ወርውሮ ስለሚጥለው፣ ልክ ያለፈ ውሻ ብዙ አይወልድም ነበር። በትርኢት አደባባይ ላይ የቆመው ዳኛ ግን መለኪያ የያዘ ሰው ነው፤ ለእርሱ ትልቅ ራስ ጕድለት ሳይሆን ውበት ነው። ራሱ የገዘፈው ይሸለማል፤ የተሸለመው ለብዙ እንስቶች አባት ይሆናል፤ ከልጆቹም መካከል ራሱ ይበልጥ የገዘፈው በተራው ይሸለማል። በ1817 የታተመ «ክሪብና ሮዛ» የተባለ የአብርሃም ኩፐር ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለት ቡልዶጎች እግራቸው ረዘም ያለ፣ ወገባቸው የቀለለ፣ ራሳቸውም ከአካላቸው ጋር የተመጣጠነ ነው። ዛሬ የቡልዶግ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሥዕል ስሙን ሳያነብ ቢያየው ሌላ ዘር ነው ማለቱ አይቀርም። ምጡን በትርኢቱ ዳኛ ፊት የሚያቀርብ አልነበረም፤ ዳኛው የሚያየው የቆመውን ውሻ እንጂ የተወለደበትን ሌሊት አይደለም።

ነገሩን በአንድ ሌሊት ብቻ እንዳንፈርድበት ቍጥር ብንፈልግ አገኘን። በ2010 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት 151 የውሻ ዘሮችን መርምሮ 22,005 ወሊዶችን ቈጥሯል። ከቦስተን ቴሪየር ወሊዶች 92.3 በመቶ፣ ከቡልዶግ 86.1 በመቶ፣ ከፍሬንች ቡልዶግ 81.3 በመቶ የሚሆነው የተፈጸመው በቀዶ ሕክምና ነው። እርግጥ ከነዚህ መካከል ምጥ ሳይጀምር አስቀድሞ ቀን የተቈረጠላቸው አሉባቸው፤ ቢሞክሩ በራሳቸው ይወልዱ የነበሩም ይኖራሉ። ነገር ግን ሐኪሙና አርቢው ሳይሞክሩ ቢላዋውን መምረጣቸው ራሱ ስለ ዘሩ ምን ያህል ተስፋ እንደ ቈረጡ ያስረዳል።

ይህ ነገር ለውሻ ብቻ የደረሰ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባወጣው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ አጭር ምንቃር እንዲኖራቸው ስለ ተመረጡ ርግቦች ያነሣል። ከነዚህ ርግቦች ምርጥ ከተባሉት መካከል፣ እንደሚባለው፣ ከዕንቍላሉ ከሚወጡት ጫጩቶች ይልቅ በዕንቍላሉ ውስጥ የሚሞቱት ይበዛሉ፤ ምንቃራቸው ቅርፊቱን ለመስበር አልበቃምና። ስለዚህ አርቢዎቹ ቅርፊቱን እየሰበሩ ያወጧቸዋል። ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። ምንቃር ያጠረበትን ጫጩት ከቅርፊቱ የሚያወጣ ሰው በርኅራኄ የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ያ ጫጩት አድጎ አጭር ምንቃር ያለው ልጅ ይወልዳል፤ ለዚያም ልጅ ደግሞ ቅርፊት የሚሰብር ሰው ያስፈልገዋል። ርኅራኄው ለሚመጣው ዓመት ሌላ ርኅራኄ የሚሻ ችግር ይዘራል።

የእንስሳት ሐኪሙም ሥራ እንዲሁ ነው። ያን ሌሊት ሐኪሙ ቢላዋውን ባያነሣ ኖሮ እናቲቱም ልጆቿም በሞቱ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ እኛም እጁን ስመን ነው የወጣን። ነገር ግን ያዳናት ቡችላ የእናቷን ዳሌና የአባቷን ራስ ይዛ ሄዳለች። በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለው ምጥ እናቲቱን ከነልጇ ገድሎ ጠባቡን ዳሌ ከዘሩ ያጠፋው ነበር። ቢላዋው ሞትን ሲከለክል የዘሩንም መታረም አብሮ ከለከለ። ይህን ስንል ሐኪሙ ይተዋት ነበር ማለታችን አይደለም፤ እግዜር ከዚህ ዓይነት ጥበብ ይሰውረን። በዚያ ሰዓት ሊደረግ የሚገባው እርሱ ያደረገው ብቻ ነው። ጥፋቱ ግን በዚያ ሰዓት የሚገኝ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት 63 ቀኖች መጀመሪያ ላይ፣ ማለት ሁለቱን ውሾች ለማገናኘት በተወሰነበት ቀን ላይ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን አብሮን የሚሠራ አንድ ጓደኛችን፣ ክርክር ከምሳው የሚበልጥበት ሰው፣ ይህን በነገርነው ጊዜ እንዲህ ሲል ተከራከረን፤ «ቡችላው ከነዚህ ሁለት ውሾች ባይወለድ ኖሮ ጨርሶ አይኖርም ነበር። አርቢው ሌሎች ውሾች ቢያገናኝ የሚወለደው ሌላ ቡችላ ነው እንጂ ይኸው አይደለም። ትንፋሽ እያጠረውም ቢሆን ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ጌታውን ሲወድ ይኖራል። እንግዲህ ተበድሏል የምትሉት ማን ነው?» በእውነቱ ክርክሩ ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ገና ስላልተወለዱ ሰዎች ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ አንሥቶ ብዙ ደክሞበታል፤ ከእርሱም በኋላ ያሉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛም ሁለት ሳምንት ያህል መልስ አጥተን ነበር። ከጓደኛችን ጋር በመንገድ ስንገናኝ ፈገግ ሲል ያሳፍረን ጀመር።

መልሱን ያገኘነው ጥያቄው ወደ ቡችላው ብቻ እንድናይ ያደርገን እንደ ነበረ በገባን ጊዜ ነው። ቡችላው ባይወለድ አይኖርም ነበር፤ እሺ። እናቲቱስ? እርሷ አስቀድማ አለች። ስም አላት፤ የምትተኛበት ምንጣፍ አላት፤ ጌታዋ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ታውቃለች። የመጣባት ነገር እርሷን ለመፍጠር የተከፈለ ዋጋ አይደለም፤ ባትፀንስ ኖሮ ምንም ሳይጐድልባት ትኖር ነበር። ሆዷ የሚቀደደው፣ በአጭር አፍንጫዋ ምክንያት ማደንዘዣው ከሌላው ውሻ ይልቅ የሚያሰጋት፣ ልጆቿን ሳታውቅ የምትነቃው እርሷ ናት። ፈላስፋው ስለሚመጣው ሲያስብ፣ አርቢው ስለ ቡችላው ዋጋ ሲያስብ፣ ልጃችን ስለ ቡችላው ስም ስታስብ፣ ስለ እናቲቱ የሚያስብ ጠፋ። ለጓደኛችን ይህን ብንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ለእናቲቱ መልስ የለኝም» አለ። እርሱ እንዲህ ማለቱ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን አንባቢው፣ «የሰው እናት በምጥ በምትሞትበት ዓለም ስለ ውሻ ምጥ መጻፍ ምን ይባላል?» ቢለን አንቈጣም። በአገራችን የምጥን ጭንቅ የማያውቅ ቤት የለም። ሴቶቹ በጓዳ ሆነው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ፣ ወንዶቹ በደጅ ተቀምጠው መሬት ሲጭሩ ያደረ ሰው የቱን ያህል ረጅም ሌሊት እንደ ሆነ ያውቃል። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል የተከፈተው፣ የሕፃኑ ራስ ከዳሌያቸው ላይ ቀርቶ ቀናት ያማጡ እናቶች ለደረሰባቸው ጕዳት ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አናስቀምጥም። ነገር ግን የሰውን ልጅ ራስ ትልቅ ያደረገው ትርኢትና ሽልማት አይደለም፤ ማንም ሰው ለእናቱ ጠባብ ዳሌን አልመረጠም። ይህን መከራ ሳንመርጠው የደረሰብን እኛ፣ ለሌላ ፍጥረት መርጠን መስጠታችን ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። መከራውን ከማያውቅ ሰው ይልቅ የሚያውቅ ሰው አይጠየቅበትምን?

ለሥጋ ተብሎ ቢሆን እንኳ ጥቂት ምክንያት በተገኘ ነበር። ቤልጂየም ብሉ የተባሉት ከብቶች ሥጋቸው ከመጠን በላይ ስለ ዳበረ አብዛኞቹ ላሞች የሚወልዱት በቀዶ ነው፤ እኛ ይህንም አንደግፍም፤ ይሁን እንጂ ሰው ይበላዋል ይባላል። የቡልዶግ ራስ ግን አይበላም፤ ቤት አይጠብቅም፤ አደን አይሄድም። ታዲያ ለምን ተፈለገ? ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ሊቅ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1943 ባወጣው ጽሑፍ፣ ትልቅና ክብ ራስ፣ ሰፊ ግንባር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ያበጠ ጕንጭ ባየን ጊዜ አንጀታችን የሚላወሰው ይህ መልክ የሕፃን መልክ ስለ ሆነ ነው ብሎ ገልጿል። ልጃችን ያችን ውሻ ባየች ጊዜ ወዲያው አቅፋ ያባበለቻት፣ እኛም ስናያት ፊታችን የፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ስሜት በውስጣችን የተተከለው ሕፃናትን እንድንጠብቅበት ነው፤ አሁን ግን በዚያው ስሜት እየተመራን አንዲት እናት ልጇን መውለድ እንዳትችል አደረግን። በጭካኔ ቢደረግ ኖሮ እንደ 1835ቱ ያለ ሕግ ቶሎ በደረሰለት ነበር። የተደረገው በፍቅር ስለ ሆነ ከለላ አገኘ።

ሕግም ቢሆን ቀስ እያለ መምጣቱን አልተወም። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1987 ባወጣው የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት አምስተኛው አንቀጽ፣ አርቢ የልጆቹን ወይም የእናቲቱን ጤና የሚጐዳ የአካል ጠባይ እንዳለ አስቀድሞ እንዲያስብ ያዝዛል፤ እናቲቱን ለይቶ መጥራቱ ለዚህ ጽሑፋችን ትልቅ ድጋፍ ነው። ኬነል ክለብ ብዙ ወቀሳ ከደረሰበት በኋላ በ2009 የቡልዶግን መለኪያ አሻሻለ፤ ከ2012 ጀምሮም ሁለት ጊዜ በቀዶ ከወለደች እንስት የሚገኙትን ቡችሎች አልመዘግብም አለ። የኔዘርላንድ መንግሥት በ2019 አፍንጫቸው ከልክ በላይ ያጠረ ውሾች እንዳይራቡ ደንብ አጸና። በኖርዌይ በ2022 መጀመሪያ የኦስሎ ፍርድ ቤት ቡልዶግንና ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ የተባለውን ዘር ማርባት የእንስሳትን ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በካቫሊየሩ ላይ ፍርዱን ሲያጸና ለቡልዶጉ ግን ሻረው። ዳኞች እንኳ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፍርድ የሰጡበት ነገር ነው።

ስለ ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች ደንብ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ደንቡ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ሁለተኛው ምጥ ተፈቅዶ ሦስተኛው የተከለከለው በምን ሚዛን ነው? የመጀመሪያው ቀዶ ድንገተኛ ነው ይባል። ሁለተኛው ግን የሚሆነውን አውቆ የተደረገ ነው። አርቢዎች ደግሞ ዘሩን ለማዳን ከሌላ ዘር ደም ይቀላቀልበት ሲባሉ፣ «ቡልዶግ መሆኑ ይቀራል» ብለው ይጮኻሉ። በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በዘሩ ውስጥ የቀረው ልዩነት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ከራሱ መካከል መርጦ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ የሚጠበቀው ስሙ ነው፤ ስሙም እንዲጠበቅ እናቶቹ ይቀደዳሉ።

ባለፈው ወር ወዳጃችን ደወለልን። ውሻይቱ እንደገና ፀንሳለች። «አሁን እንደ ባለፈው አንጨነቅም፤ ሐኪሙ ከወዲሁ ቀን ይሰጠናል፤ ልጅህን ስም ታዘጋጅ በላት» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ልንናገር አስበን ሦስት ጊዜ ተውነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሚወደው ነገር እንዴት ይወቀሳል? በመጨረሻው ስኒ ላይ ቡችላውን እንደማንወስድ ነገርነው፤ ምክንያቱንም ከላይ እንደ ጻፍነው ሳይሆን በአጭሩ፣ ያን ሌሊት ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞሯን እያስታወስን ነገርነው።

ወዳጃችን ስኒውን አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ አንተ አንዲት ቡችላ ብትተው ሌላ ሰው ይወስዳታል። እርሷም ፀንሳለች፤ የሚቀረው መውለድ ብቻ ነው። ያንተ እንቢታ ለማን ይጠቅማል?» አለን። እውነቱን ነው፤ ለያዘችው ፅንስ ምንም አይጠቅምም። «ለአራተኛው ነው» አልነው። እርሱም አልመለሰልንም። ውሻይቱ እያለከለከች መጥታ በጀርባዋ ተጋደመች፤ ሆዷን እንድናክላት ፈልጋ ነበርና ከላይ እስከ ታች የወረደው ጠባሳ ታየ። ወዳጃችን ጐንበስ ብሎ አከከላት። ብዙ ጊዜ ሳይናገር ቈየ።

ማታ ለልጃችን ቡችላው እንደማይመጣ ነገርናት። አለቀሰች። ለምን ብላ ብትጠይቀን፣ ቡችላው ሲወለድ እናቱን በጣም ስለሚያማት ነው አልናት። እንባዋን ጠርጋ ጥቂት አሰበችና፣ «እኔስ ስወለድ እማዬን አሟት ነበር?» አለች። እናቷ ከማድቤት ሆና ትሰማ ኖሮ፣ «አዎ፣ አሞኝ ነበር» አለቻት። ልጃችን ተነሥታ ወደ ማድቤት ሄደች።